ጋቢዬን የበላው ጓሮ

አማቴ ለሠርጌ የሰጡኝን ጋቢ በመቀስ የቆረጥኩት በንዴት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በባለቤቴ ቤተሰብ ዘንድ ሌላ ወሬ ስላለ ነው። በንዴት ቢሆን ኖሮ ገና ሙሽራ ሳለሁ እቆርጠው ነበር። ያኔ በቂ ምክንያት ነበረኝ፤ መቀስም ነበረኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ከአርባ ምንጭ አጠገብ፣ ቆላው ላንቴ ነው። አባቴ ሙዝ ያለማ ነበር። ያገባሁት ግን ደጋ ነው፤ ከዶርዜ አልፎ፣ ጉም ከበር የማይጠፋበት መንደር። የእኔም የባለቤቴም ሥራ አርባ ምንጭ ስለነበር የምንኖረው ከተማ ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር፣ ልቅሶ በተነገረ ቁጥር ግን ወደ ተራራው እንወጣ ነበር። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የአፈር ምርመራ ክፍል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው መሬት በትንንሽ ላስቲክ እየታሰረ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ኖሯል።

በአማቴ ቤት ከብትና ሰው የሚያድሩት አንድ ጣራ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ እበቱን ከነገለባው በቅርጫት አውጥተው በእንሰቱ ሥር ይበትኑታል። የምድጃው አመድ፣ የጎመኑ ግንድ፣ የድንቹ ልጣጭ ሁሉ እዚያው ነው የሚሄደው። የገብሱ ማሳ የወንዶች ነው፤ የእንሰቱ ጓሮ ግን የአማቴ ነበር፤ ወንድ ገብቶ አያዝበትም። አዲስ ምራት ስትመጣ የጫጉላ ጊዜዋ ሲያበቃ አማቷ ቅርጫት ታስይዛታለች። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ የቤቱ ሰው ናት።

እኔም አሮጌ ጫማ አድርጌ፣ ነጠላዬን በወገቤ አስሬ ተዘጋጅቼ ነበር። አማቴ እጄን አገላብጠው አዩና ቅርጫቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"ተይው፣ የሙዝ ልጅ። ያንቺ እጅ የጠርሙስ እጅ ነው። እበት ጠርሙስ ውስጥ አይገባም።"

ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። የተናገሩት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛው ያለሰልሰዋል። ባለቤቴም ሳቀ። እሱን ይቅር ካልኩት ቆየሁ ብዬ ብጽፍ ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ አልጽፍም። ከዚያ በኋላ ያን ቤት በረገጥኩ ቁጥር ቅርጫቱ በአጠገቤ ያልፋል፤ ማንም እንኪ አይለኝም። እንግዳ ነበርኩ። እንግዳ ደግሞ ወንበር ይሰጠዋል እንጂ ሥራ አይሰጠውም።

ጋቢውም እንደዚያው ነው። ክሩን የፈተሉት አማቴ፣ የሸመኑት የባለቤቴ አባት ናቸው። አማቴ ለገበያ የሚፈትሉትን ክር አይቻለሁ፤ ቀጭን ነው፣ ከፀጉር አይበልጥም። የእኔ ጋቢ ክር ግን እንደ ገመድ የወፈረ፣ በየመሐሉ የተቋጠረ ነበር። መልእክቱ ገባኝ። አጥፌ ሣጥን ሥር አስቀመጥኩት፤ አንድ ቀንም ለብሼው አላውቅም።

ስለ መሥሪያ ቤቱም አንድ ነገር ልበል። የክፍላችንን ኃላፊ ስማቸውን አልጠራም፤ ዛሬም አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሰላም ይሉኛል። ወደ እኛ የሚመጣው አፈር በሙሉ የማሳ ነበር፦ የገብስ፣ የበቆሎ፣ የጥጥ፣ የሙዝ። የሚያመጡት ወንዶች ናቸው፤ አምጡ የሚሏቸውም ወንዶች ናቸው። ሴቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያበሉት የኖሩት የጓሮ አፈር አንድም ቀን በጠረጴዛችን ላይ አልፎ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከደጋ ስመለስ ከአማቴ ጓሮ ዳር አንድ ላስቲክ ሞልቼ ይዤ መጣሁ። ለምን እንደሆነ ያኔ ቢጠይቁኝ አልመልስም ነበር።

"ይሄ የየት ማሳ ነው?" አሉኝ ኃላፊው።

"የጓሮ ነው።"

"ጓሮ እኮ መሬት አይደለም፣ ወይዘሮ። ጓሮ ጓሮ ነው።" አሉና በር ላይ ባለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ገለበጡት። አበባው በዚያ ክረምት መስኮቱን እስኪሸፍን አደገ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ከላስቲኩ ጥግ የቀረችውን ጭብጥ አፈር ግን በጠርሙስ አሽጌ አሳደርኳት። አፈር ይተነፍሳል። በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን፣ በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች፣ የሞተውን ቅጠልና እበት እየበሉ እንደ እኛው የተቃጠለ አየር ያወጣሉ፤ ያወጡትን መለካት ይቻላል። የማሳ አፈር እንደ ተኛ ሕፃን ነው የሚተነፍሰው። የአማቴ ጓሮ ግን እርሻ ላይ እንደዋለ በሬ ተነፈሰ። ያን ቀን ብቻዬን ቆሜ ጠርሙሱን ሳይ ማንን እንደማደንቅ ስለገባኝ ደስ አላለኝም።

ጊዜው ሄደ። ጡረታ ወጣሁ፤ ባለቤቴ ሞተ። የምኖረው ሴቻ ነው፤ ከበሬ ላይ ሆኜ ተራራውን አየዋለሁ። ባለፈው ግንቦት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ከደጋ ወርዶ ቤቴ መጣ። ወንድሙ በሞተ ሰሞን፣ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን፣ "እትዬ፣ እንግዲህ ወደ ላንቴ ነው?" ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው። ይህን እሱ ረስቶታል።

"እትዬ፣ የእናቴ ዓይን ደክሟል" አለኝ። "ከብቱም ሁለት ብቻ ቀርቷል። ሚስቴ ልጆቹ ጋ ሽሮ ሜዳ ናት፤ እነሱ ይሸምናሉ፣ እሷ ታበስላለች። እበት ማን ይሸከም?"

"ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው?"

"ጓሮውን ነቅለን ባህር ዛፍ እንትከልበት። የላይኛው ማሳ ላይ የተከልነውን አላየሽም? እንዴት እንዳደገ! አፈሩም ቢሆን አርጅቷል። ስንት ዘመን ሙሉ እንሰት፣ እንሰት! ሞቷል በይው።"

"እማማ ምን አሉ?"

"እናቴማ ምን ትላለች። 'መጀመሪያ እኔን ቅበሩኝ፣ ከዚያ እላዬ ላይ ትተክላላችሁ' ነው የምትለው።"

መሬቱ የሁለቱ ወንድማማቾች ስለሆነ የባለቤቴ ድርሻ በእኔ እጅ ነው። ያለ እኔ ቃል አንድ እንሰት አይነቀልም። ዋርሳዬ ቃሌን ለመስቀል ስወጣ፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት እንድሰጥ ጠየቀኝና ሄደ።

እሺ ልል ነበር። ለምን አልልም? ያ ጓሮ ለእኔ ምኔ ነው? ቅርጫቱን ነፍገውኝ እኔ ጓሮውን ብነፍጋቸው ማንም ሊፈርድብኝ አይችልም። በልቤ እሺ ብዬ ጨርሼ ነበር። አንድ ቃል ብቻ አላስተኛ አለችኝ፦ "ሞቷል" ያላት። አፈር ሞቷል አልሞተም የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚያ ነገር ላይ ነው። አንድ ሰው ሥራዬን እቤቴ ቁጭ ብሎ ሲሠራልኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላቦራቶሪ ከእንግዲህ የለኝም። ግን ቀላል መንገድ አለ፦ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መቅበር ነው። ጥጥ ለረቂቅ ተሕዋስያን ምግብ ነው። ብዙ ሆነው፣ ጠግበው፣ ጤና አግኝተው የሚኖሩበት አፈር ጨርቁን ይጨርሰዋል፤ የተራቡበት አፈር እንዳለ ይመልሰዋል። ችግሩ ንጹሕ ጥጥ ማግኘቱ ላይ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ጋቢና ነጠላ ሰው ሠራሽ የፋብሪካ ክር የገባበት ነው፤ እሱን ምንም አይበላውም። በቤቴ ውስጥ ድሩም ማጉም በእጅ የተፈተለ ጨርቅ አንድ ብቻ ነበር። ሣጥኑን ከፈትኩ።

እንግዲህ መቀሱ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ከጫፉ ሦስት ቁራጭ ቆረጥኩ፤ ስፈልጋቸው እንዳይጠፉኝ ዙሪያቸውን በናይለን ክር ዘመዘምኳቸው። ላንቴ፣ በአባቴ ሙዝ መሬት ላይም አንድ መቅበር እችል ነበር። አላደረግኩትም። የቆላና የደጋ አፈር አይወዳደርም፤ ሙቀቱ ብቻውን ፍርዱን ያዛባዋል። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ይህ ነው፤ ትክክልም ነው።

ዝናቡ ሲገባ ወጣሁ። አንዱን ቁራጭ ከባህር ዛፉ ሥር፣ አንዱን ገብስ ማሳው ውስጥ፣ አንዱን ከአማቴ እንሰት መሐል ቀበርኩ፤ በየቦታው ቀጭን እንጨት ተከልኩ። አማቴ በሩ ላይ ተቀምጠው የሌለችውን ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የዶማውን ድምፅ ሰሙ።

"ማነው የሚቆፍር?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ምን ጠፋብሽ?"

"ምንም።"

"ያልጠፋ ነገር የሚፈልግ የከተማ ሰው ነው" አሉ።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ ሳይደርስ ዋርሳዬ በጠዋት በሬን ደበደበ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

"እትዬ፣ ምን በደልንሽ?"

"ምን ሆነሃል? መጀመሪያ ተቀመጥ።"

"አልቀመጥም! ሦስት ቦታ ችካል ተክለሻል። አገሩ ሁሉ አይቶታል። ድርሻሽን ልትከልዪ ነው አይደል? ከመሬት አስተዳደር ሰው ይዘሽ በግልጽ ብትመጪ ይሻል ነበር።"

"ድንበር እርሳስ በሚያክል እንጨት ነው የሚከለለው?"

"እሱንማ እኔም ብያለሁ። ስለዚህ ከባህር ዛፉ ሥር ያለውን ነቀልኩት። ከሥሩ ደግሞ…" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጨርቅ አለ። ነጭ።"

"አዎ፣ ጋቢ ነው።"

"ጋቢ ይቀበራል? ነጭ ለብሶ የሚቀበረው ሬሳ ነው! ማንን ነው የገነዝሽው፣ እትዬ?"

"ማንንም አልገነዝኩም። ጨርቁን ምን አደረግከው?"

"ምን ላደርገው ነው! ነክቼው ልቤ ልትወጣ! እንደነበረ መልሼ ቀበርኩታ። ከዚያ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።"

ሳቅኩ። እኔ ብዙ ጊዜ አልስቅም፤ በእሱ ፊት ደግሞ ጭራሽ ስቄ አላውቅም። ነገሩን አስረዳሁት፤ አፈሩ ሞቷል ያልከው አንተ ነህ፣ የሞተ አፈር አይበላም፣ ለመስቀል አውጥተን እናያለን አልኩት።

"ጓሮው ካልበላስ?" አለኝ። ዓይኑ በርቷል።

"ካልበላ ባህር ዛፍህን ትተክላለህ።"

"ቃል ነው?"

"ቃል ነው።"

"ለእናቴስ ምን ልበላት?"

"ምንም አትበላቸው። እሳቸውም ለእኔ ብዙ ነገር ሳይነግሩኝ ነው የኖሩት።"

የመስቀል ማግስት ጠዋት፣ ከተማ ያለው ዘመድ ሁሉ በወጣበት፣ ዶማ ይዤ ተነሳሁ። ዋርሳዬ ከኋላዬ ተከተለኝ።

መጀመሪያ ባህር ዛፉ ሥር ገባን። ክረምቱን ሙሉ ዘንቦም ከደረቁ ቅጠሎች ሥር ያለው አፈር እንደ ዱቄት ነው፤ እጅ ላይ አይያዝም። ቅጠሉ ዘይትና ምሬት ያለበት ስለሆነ በቀላሉ አይበሰብስም፤ የዘንድሮው ከዓምናው ላይ እንደተደረበ ነው። ባዶ ነው አልልም። እዚያም በጥቂት ነገር መኖር የለመዱ ፈንገሶች አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ተቆጥበው ይኖራሉ። ጋቢው ግን ሻይ እንደፈሰሰበት ከመቅላቱ በቀር እንዳለ ወጣ።

"ይኸው!" አለ ዋርሳዬ ደስ ብሎት። "የእኔ መሬት የሰው ዕቃ አይነካም! ታማኝ ነው!"

ገብስ ማሳው ውስጥ ያለው አይጥ እንደበላው ተቦዳድሶ ነበር፤ ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም። ይህም የሚጠበቅ ነው። ማሳው በየዓመቱ ይገለበጣል፤ ፈንገሶቹ የዘረጉት ድር በየዓመቱ ይበጠሳል። ገብሱ ሲታጨድ ጭዱ ለከብት፣ እህሉ ለሰው ይሄዳል፤ ለአፈሩ የሚመለስለት ጥቂት ነው። አፈሩም በዚያችው ልክ ይሠራል።

ከዚያ ጓሮው ውስጥ ገባን። የእንሰቱ ቅጠል ከላያችን ተገጣጥሞ ብርሃኑ አረንጓዴ ነው። ዶማውን ማንሳት እንኳ አላስፈለገኝም፤ እጄ እስከ አንጓዬ ድረስ ገባ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ እንደ ቂጣ ፍርፋሪ ይፈረፈራል። ከዝናብ በኋላ መሬት የሚሸተው ሽታ፣ እሱም የረቂቅ ተሕዋስያኑ ሥራ ነው፣ አፍንጫዬን ሞላው። ትሉ፣ ቀጫጭኑ ሥር፣ ከሥር ወደ ሥር የሚሄደው ነጭ የፈንገስ ድር፣ ሁሉም በአንድ ጭብጥ ውስጥ። ጋቢ የለም። አንድም ክር የለም። የዘመዘምኩበት ናይለን ብቻ፣ ሊበላ ያልቻለው፣ አራት ማዕዘኑን እንደያዘ ተቀምጧል።

ዋርሳዬ በእጁ ዙሪያውን ፈለገ።

"ሰው ሰርቆታል" አለ።

"ናይለኑን ፈትቶ ትቶ?"

ናይለኑን አንስቶ አገላብጦ አየው። ተራራው አንድ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈርም አንድ ነው። የባህር ዛፉ፣ የገብሱና የእንሰቱ መሬት ሲጀመር ልዩነት አልነበራቸውም፤ ልዩ ያደረጋቸው ሰው የሰጣቸውና የወሰደባቸው ነገር ነው። እዚህ ግን አንዲት ሴት ከሙሽርነቷ ጀምሮ በየጠዋቱ ቅርጫት ተሸክማ፣ ታማም ሆነ ወልዳ ሳታቋርጥ፣ ስማቸውን የማታውቃቸውን፣ አይታቸው የማታውቃቸውን ፍጥረታት ስታበላ ኖራለች። ጠረጴዛዬ ላይ ካለፈው አፈር ሁሉ እንዲህ ያለ አላየሁም። ቂሜ እንዳለ ነው። አድናቆቴ ግን ከቂሜ በላይ ሆነብኝ፤ ይህን መጻፍ የከበደኝን ያህል ሌላ ምንም አልከበደኝም።

ቤት ስንገባ አማቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዘመዱ ዙሪያውን ሞልቷል። ዋርሳዬ ነገሩን መናገር ጀመረ፤ ጨርቅ የሚለው ላይ ሲደርስ አማቴ እጃቸውን ዘረጉ። ከባህር ዛፉ ሥር የወጣውን ቁራጭ ሰጠኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት፤ ክሩን ከጫፍ ጫፍ ሄዱበት።

"ይሄ የእኔ ፈትል ነው።"

ጨርቁን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

"ጋቢዬን ቀበርሽው?"

"አዎ፣ እማማ። ከባህር ዛፉ ሥር ይህ ተረፈ፤ ከገብሱ እኩሌታው። ከጓሮው ምንም አልቀረም።"

"ምንም?"

"ምንም። ጨርሶታል።"

ቁራጩን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ወፍራሙን ክር! ያን ገመድ የመሰለውን! ወይ ጓሮዬ፣ ጥርስ አውጥቷል!" ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። "አወፍሬ የፈተልኩት ቆላ ለቆላ ያደግሽ ነሽ ብዬ ነው። እዚህ ስትመጪ ትንቀጠቀጪ ነበር። አልለበስሽውም።"

እንዳምናቸው ፈልገው ይሆናል። ማመኔን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ግን በዚያ ቤት እንደሚበርደኝ ማንም አይቷል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቃሌን ሰጠሁ፤ እንሰቱ አይነቀልም አልኩ። ዋርሳዬ ተከራካሪ ነው፤ ነገር ግን ውርርዱን በሰው ፊት ስለተሸነፈ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው።

"ይሁን። እበቱን ግን ማን ይሸከም?"

ጥያቄው ትክክል ነበር። የማይበላ አፈር ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ የሚያበላው ያጣም ይሞታል። ያ ሁሉ ሠራዊት ቅርጫቱ በቀረ ማግስት መራብ ይጀምራል።

"አንተ ትሸከማለህ" አልኩት።

"እኔ? ወንዱ? የሴት ጓሮ ውስጥ?"

"ሲጨንቅህ እጅህን ሁለት ጊዜ ትታጠባለህ። በዓል በዓል እኔ እመጣለሁ።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በዚያ ቤት ሰው በእኔ ቃል ሲስቅ፣ በእኔ ላይ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ነው። አማቴ ግን አልሳቁም፤ ጆሯቸውን ወደ ከብቶቹ በኩል አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። የዚያን ጠዋት እበት ገና አልወጣም። በበዓሉ ግርግር ሁሉም ረስቶታል።

ተነሳሁ። ቅርጫቱ ከግድግዳው ሥር፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ማንንም አልጠየቅኩም፤ ማንም እንኪ አላለኝም። ሞላሁት፤ ከገመትኩት በላይ ከባድ ነበር፤ ወገቤ ጮኸ። በአማቴ ፊት ሳልፍ ቀና አሉ። ብርሃን ከጨለማ ከመለየት በላይ ብዙም እንደማያዩ አውቃለሁ።

"የሙዝ ልጅ።"

"አቤት፣ እማማ።"

"ትንንሾቹን እንሰቶች አስቀድሚ፤ ትልልቆቹ ጠግበዋል። ደግሞ ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ እያፈሰስሽ ነው።"

አላፈሰስኩም ነበር።